አንዱን ዋይፋይ ብቻ ማስተኛት

ማታ 4 ሰዓት ሲሆን የልጆቹ ዋይፋይ ይጥፋ። የእኔ ይቀጥል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእነሱ ተመልሶ ይብራ። የፈለግኩት ይቺን ብቻ ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል ብዬ ጀምሬ ሳምንት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ቀን ራውተሩ ውስጥ ገብቼ «ዋየርለስ ስኬጁል» የሚል ገጽ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ሰዓቱን ሞላሁና ሴቭ አደረግኩት። ሰዓቱ ሲደርስ የልጆቹ ዋይፋይ ጠፋ። የእኔም ጠፋ። የበሩ ካሜራም አብሮ ጠፋ። እየላክኩት የነበረው ፋይል ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ልመልሰው ብል ደግሞ በምን ልግባ? ወደ ራውተሩ የምገባው በዚያው በጠፋው ዋይፋይ ነው። የኔትወርክ ኬብል ፍለጋ መሳቢያ ስገለባብጥ ትልቁ ልጄ ከክፍሉ ብቅ አለና «አባዬ፣ ዋይፋዩ ሞተ እንዴ?» አለኝ። እሱ እንኳ ብዙም አልተጎዳም። ወደ ሞባይል ዳታ ቀይሮ ቪዲዮውን ቀጥሏል።

ሰዓቱ በትክክል ሠርቷል። ያልተግባባነው «ዋይፋይ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ እኔ አንድ ነገር አስባለሁ፣ ራውተሩ ሌላ።

ለእኔ ዋይፋይ ማለት ስልኬ ላይ የሚወጣው ስም ነው። ባለሙያዎቹ ኤስኤስአይዲ ይሉታል። ለራውተሩ ግን ዋይፋይ ማለት ሆዱ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ሁለት ሬዲዮ አላቸው፣ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራል፤ አዳዲሶቹ ላይ 6 ጊጋኸርዝም ተጨምሯል። አንዱ ሬዲዮ ብቻውን ሦስት አራት ስም ሊይዝ ይችላል። በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር ጥሪ ያሰማል፤ ሦስት ስም ከሰጠነው ለእያንዳንዱ ስም ለየብቻ ይጣራል። አንድ ሰው በሦስት ድምፅ ሲያወራ አስቡት።

ብዙ የቤት ራውተሮች ላይ ያለው ስኬጁል ታዲያ የሰውየውን አፍ ነው የሚዘጋው። ሦስቱም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። እኛ የምንፈልገው ግን ሰውየው እያወራ ከሦስቱ ድምፆች አንዱን ብቻ እንዲተው ነው። ሃርድዌሩ ይህን ይችላል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የእንግዳ ኔትወርኩን፣ ለእንግዳ ተብሎ በሌላ ስም የሚከፈተውን፣ በእጃችሁ አጥፉትና ዋናውን እዩት፣ እንደበራ ነው። ችሎታው አለ፣ ማብሪያ ማጥፊያውም አለ፤ የጎደለው ሰዓቱን ከዚያ ማብሪያ ጋር የሚያገናኝ አንድ መስመር ነው። ይቺን መስመር ለምን እንደማይጨምሩልን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ይህን ስል «ለምን የልጆቹን ስልክ ለይተህ አትዘጋም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሞክሬዋለሁ። የወላጅ ቁጥጥር የሚባለው ክፍል ስልኩን የሚለየው በማክ አድራሻው ነው። ይህ አድራሻ ድሮ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ቋሚ ቁጥር ነበር። አሁን ግን አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በ10ኛው እትሙ፣ አይፎን ደግሞ በ2020 በአይኦኤስ 14፣ ለየኔትወርኩ የተለያየ የፈጠራ አድራሻ መስጠት ጀመሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በሄድንበት ሁሉ ማንም እንዳይከታተለን ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን የአባትን የእገዳ ዝርዝር ማበላሸቱ ነው። ልጁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንዲት ማብሪያ ቢነካ ስልኩ ለራውተሩ አዲስ እንግዳ ይሆናል። የታገደው አድራሻ እዚያው ታግዶ ይቀመጣል፣ ስልኩ በሌላ አድራሻ እያለፈ። አዎ፣ ነገሩን ገልብጦ ከተመዘገበ ስልክ በቀር ማንም አይግባ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር መዝጋቢ መሆን ነው።

ራውተሩን ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ላይ መሰካትም አለ። እሱ ከእኔ የመጀመሪያ ቀን ስህተት የባሰ ነው። ካሜራው፣ በኢንተርኔት የሚሠራው የቤት ስልክ፣ ማንቂያው፣ ሁሉም ይሞታል። ራውተሩ የራሱን ሶፍትዌር እያደሰ ሳለ መብራቱ ከተቆረጠበትማ ጠዋት የማይነሳ እቃ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ የሚሻለው ኔትወርኩን መለየት ነው። መተኛት ያለባቸው እቃዎች አንድ ስም ላይ፣ መንቃት ያለባቸው ሌላ ስም ላይ። ሲመሽ መተኛት ያለባቸው እቃዎች ስም አየር ላይ የለም። ስልኩ አድራሻውን መቶ ጊዜ ቢቀይር የሚገናኘው ነገር አያገኝም።

ግን እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን ሠራሁ። «ልጆች» የሚል አዲስ ኔትወርክ ከፈትኩ፣ ሰዓቱን አሰናዳሁ፣ ኮርቼ ተቀመጥኩ። ማታ 4 ሰዓት «ልጆች» ጠፋ። ስልኮቻቸው ሁለት ሰከንድ ያህል ግራ ተጋብተው ወደ ዋናው ኔትወርክ ገቡ። ማንም ምንም አልነካም። ስልክ የሚያውቀው ኔትወርክ ሲጠፋበት የሚያውቀውን ሌላ ይፈልጋል፣ የዋናው ፓስዎርድ ደግሞ ከዓመታት በፊት ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። እናም ሰዓት ከመሙላታችሁ በፊት የዋናውን ኔትወርክ ፓስዎርድ ቀይሩ። ይህ ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ፕሪንተሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካሜራው፣ አንድ በአንድ እንደገና ማስገባት። አዲሱ ፓስዎርድ ደግሞ ባለቤቴ ስልክ ላይ አለ፣ የእሷን ስልክ ከፍቶ ፓስዎርዱን የያዘውን ኪውአር ኮድ በራሱ ካሜራ ማንሳት ለልጅ የአስር ሰከንድ ሥራ ነው። ይቺኛዋን የሚፈታ ራውተር የለም፤ እሷው ከልጆቹ ጋር ተነጋግራ ፈታችው።

ቀጥሎ ሰዓቱ ራሱ። አማርኛ ለምናወራ ሰዎች አንድ የተለየ ወጥመድ አለች። ማታ 4 ሰዓት የምንለው ራውተሩ ዘንድ 22:00 ነው። ጠዋት 12 ሰዓት 06:00 ነው። በድካም ውስጥ ሆናችሁ 04:00 ይጥፋ፣ 12:00 ይብራ ብላችሁ ከሞላችሁ ኔትወርኩ ሌሊት 10 ሰዓት ጠፍቶ ቀን 6 ሰዓት ይመለሳል። ልጆቹ ሌሊቱን ሲጠቀሙ ያድራሉ፣ ጠዋት ለትምህርት ሲፈልጉት ያጡታል። ከዚህ የተገለበጠ ስኬጁል ማሰብ ይከብዳል። ከተገለበጡት መሀል እኔም አለሁበት።

ሌላው እኩለ ሌሊትን ማቋረጥ ነው። ለእኛ ከማታ እስከ ጠዋት አንድ ሌሊት ነው። ለራውተሩ ግን 00:00 ላይ ቀኑ ይቀየራል። አንዳንዱ ራውተር መነሻው ከመድረሻው የሚበልጥ ሰዓት አልቀበልም ይላል፣ ያኔ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፤ አንዱ ከ22:00 እስከ ቀኑ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከ00:00 እስከ 06:00። ቀን ስትመርጡም አስቡበት። «ዓርብ ማታ ይፈቀድ» ብላችሁ የዓርብን መስመር ብቻ ካነሳችሁ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቅዳሜ ስለሚገባ የቅዳሜው መስመር ፊልሙ መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ልጆቹ ቃሉን ያልጠበቀ አባት አድርገው ይቆጥሯችኋል።

የሰዓት ሰቁንም እዩት። ብዙ ራውተር ከካርቶን ሲወጣ የግሪንዊችን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ካላስተካከላችሁት ሁሉም ነገር የልዩነቱን ያህል ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሳምንቱን የፈጀብኝ እሱ ነው።

የቤት ራውተሮች አብዛኞቹ መብራት ሲጠፋ ሰዓት ይዞ የሚያቆይ ባትሪ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም። አንዳንዱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ነኝ ብሎ ይነሳል፤ ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና ዘመዶቹ ጊዜን መቁጠር የሚጀምሩት ከዚያች ቀን ስለሆነ ነው። ከዚያ በኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨር ጠይቆ ራሱን ያስተካክላል። ኢንተርኔቱ ካለ። ከሌለ በ1970 ውስጥ ይቆያል፣ ስኬጁሉም በዚያ ዘመን ሰዓት ይሠራል ወይም እንደ ራውተሩ ዓይነት ጨርሶ አይሠራም። ሰዓቱን ከአንድ በላይ ከሆኑ ሰርቨሮች እንዲጠይቅ ማድረግ ይረዳል፣ ብዙዎቹ ራውተሮች ለዚህ ቦታ አላቸው።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖም ችግሩ አያልቅም። ማታ 3 ሰዓት ተኩል መብራት ጠፋ እንበል፣ 4 ሰዓት ተኩል ተመለሰ። አጥፋ የሚለው ትዕዛዝ 4 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያች ደቂቃ ራውተሩ ሙት ነበር። ሲነሳ ሰዓቱን አስተካክሎ 4 ሰዓት ተኩል መሆኑን ያያል፣ ቀጣዩ ትዕዛዝ የጠዋቱ «አብራ» መሆኑንም ያያል፣ ዝም ይላል። ኔትወርኩ በርቶ ያድራል።

በራውተሮች ውስጥ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ክሮን የሚባል የቆየ ፕሮግራም ነው። ክሮን እንደ ደወል ነው። በሰዓቱ ይደውላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሲደወል ያልነበረ ሰው አይሰማውም፣ ሲመለስም ማንም «ተደውሎ ነበር» አይለውም። እኛ ግን ስናስብ ያሰብነው ደወል አልነበረም። «ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ጠፍቶ ይቆይ» ነው ያልነው። ይህ ሁኔታ ነው እንጂ የአንድ ደቂቃ ትዕዛዝ አይደለም። ሁለቱ በሰላሙ ቀን አንድ ይመስላሉ፣ መብራት በጠፋ ቀን ይለያያሉ።

መፍትሔው ሲገባኝ እንዴት ቀላል ነው አልኩ። ማታ አጥፋ፣ ጠዋት አብራ የሚሉትን ሁለት ትዕዛዞች አወጣኋቸው። በነሱ ፋንታ በየ5 ደቂቃው አንዲት ትንሽ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የትዕዛዝ ጽሑፍ፣ ትሠራለች። አሁን ስንት ሰዓት ነው? በዚህ ሰዓት «ልጆች» መብራት አለበት? አሁን በርቷል? መልሶቹ ከተስማሙ ምንም አትነካም። ካልተስማሙ ታስተካክላለች። መብራት ቢጠፋ፣ ራውተሩ ራሱን ቢያስነሳ፣ አንድ ሰው በእጁ ቢያበራው፣ ቢበዛ በ5 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰዓቱ ገና ያልተስተካከለ ከሆነስ? ያኔ አንድ ነገር መወሰን አለባችሁ፤ ሲጠራጠር ይጥፋ ወይስ ይብራ? እኔ ይጥፋ አልኩ። ቀን ላይ ልጆቹ ጥቂት ደቂቃ ይጮኻሉ፣ ሌሊት ግን ቀዳዳ አይኖርም። ኔትወርኩ የሚያገለግለው የታመመ ሰው መከታተያ እቃ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን እወስን ነበር።

ይህን ስክሪፕት ማንኛውም ራውተር ላይ መጻፍ አይቻልም። እኔ የተጠቀምኩት ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን፣ በራውተሩ የፋብሪካ ሶፍትዌር ፋንታ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ የደብልዩአርቲ54ጂ ራውተሩን ኮድ ይፋ ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ነው፣ ስሙም ከዚያ ራውተር የመጣ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ስም ለብቻው «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ሊደረግበት ይችላል። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ምልክቱን ቀይራችሁ ዋይፋዩን በሙሉ እንደገና ጫን ካላችሁት ብዙ ጊዜ ሬዲዮው ራሱ ለጥቂት ሰከንዶች ይንጠለጠላል፣ የሌላው ስም ተጠቃሚዎችም አብረው ይቋረጣሉ። ስብሰባ ላይ የነበረ ሰው ይህን ያስታውሳል። ሆስትኤፒዲ ለሚባለው ዋይፋዩን ለሚያስተናግደው ፕሮግራም «ያንን ስም ብቻ አጥፋ» ብሎ በቀጥታ መንገር ጎረቤቱን ሳይረብሽ ይሠራል።

የራውተሩ ማህደረ ትውስታ ይህ ለውጥ በየቀኑ ሲጻፍበት ያልቃል ብለው የሚፈሩ አሉ። እንቁጠረው። በቀን ሁለት ለውጥ በዓመት 730 ነው፣ በ10 ዓመት 7,300። እነዚህ ቺፖች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ ይችላሉ። ራውተሩ በሌላ ምክንያት ቀድሞ ይሞታል።

ሶፍትዌር መቀየር ለማይፈልግ ሰው መንገድ አልተዘጋም። ዩኒፋይና ኦማዳ የተባሉት፣ ለትንንሽ ቢሮ ታስበው ቤትም የገቡት እቃዎች፣ ለእያንዳንዱ ስም ለየብቻ ስኬጁል አላቸው፤ ሚክሮቲክ ላይም ማድረግ ይቻላል፣ ምናሌው ሰው ያስፈራራል እንጂ። በእጃችሁ ያለው ተራ ራውተር ከሆነ ግን አንዲት ብልሃት አለች። ስኬጁሉ ሬዲዮውን በሙሉ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ሁለቱን ሬዲዮዎች ለየሥራ መድቧቸው። ካሜራው፣ አምፖሉ፣ የበሩ ቁልፍ አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ እነሱን እዚያ ተዉአቸው፣ ሌሊቱንም ይንቁ። የልጆቹን ስም 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ አድርጉትና ማታ ያንን ሬዲዮ አጥፉ። ዋጋው እናንተም ማታ ማታ በዘገምተኛው 2.4 ጊጋኸርዝ መቆየታችሁ ነው። ለማንበብና መልእክት ለመላክ ይበቃል።

ከሁሉ የምወደው ግን አሮጌውን ራውተር ነው። ሁሉም ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ የተጣለ አለ። አድራሻውን ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩት፣ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛውን 192.168.1.2 በሉት። አድራሻ ማደሉን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አጥፉበት። ከዚያ በኬብል ከዋናው ጋር አገናኙት፣ ሁለቱም ጫፍ ላን የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። አሁን የራሱ ሬዲዮ ያለው የልጆች ኔትወርክ አላችሁ። ሬዲዮውን በሙሉ የሚያጠፋው ያ ጅል ስኬጁል እዚህ ላይ ትክክለኛ መሣሪያ ይሆናል። ቅድም የነቀፍኩት ሰዓት ቆጣሪ ሶኬትም እዚህ ያምርበታል፤ መካኒካል ከሆነ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ማብራት ማጥፋቱ የመብራት ፍጆታ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። አንዱን ስም ብቻ ስታጠፉ ሬዲዮው እንደበራ ስለሆነ ቁጠባው ከቁጥር አይገባም። ለጤና የሚሉም አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መግለጫ ከገመድ አልባ ኔትወርኮች የሚወጣው ደካማ ሞገድ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብሏል። እኔ የማጠፋው ልጆቹ እንዲተኙ ነው። ያ ይበቃኛል።

ያላሰብኩት ጉዳት ግን ነበረ። ስልክና ታብሌት ራሳቸውን የሚያድሱት ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ቻርጅ ላይ ሆነው ዋይፋይ ሲያገኙ። እኛ ቤት በዚያ ሰዓት ዋይፋይ የለም። የታናሿን ታብሌት አንድ ቀን ስከፍተው ለወራት አልታደሰም። አሁን በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ድብን ብሎ በተኛበት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ኔትወርኩ ይከፈታል። ልጆቹ ይህን አያውቁም። ይህን ጽሑፍ ካላነበቡ።

ሞባይል ዳታውን ራውተር አይነካውም። ለዚያ ስልኩ ላይ ያሉት የወላጅ መቆጣጠሪያዎች፣ አንድሮይድ ላይ ፋሚሊ ሊንክ ወይም አይፎን ላይ ስክሪን ታይም፣ ይሻላሉ፣ ወይም ደግሞ የትልቁ ልጄ ስልክ እንዳደረገው ማታ ማታ ሳሎን ቻርጅ ላይ ማደር።

የእናንተ ስኬጁል መሥራቱን ለማወቅ አንድ ሌሊት አትጠብቁ። ማታ የሚጠፋበት ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉት። ሰዓቱ ካለፈ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሱት። እስኪነሳና ኢንተርኔት እስኪያገኝ ጠብቁ፣ ሌላ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ከዚያ ስልካችሁን አውጥታችሁ የኔትወርኮቹን ዝርዝር እዩ። «ልጆች» የሚለው ስም እዚያ ካለ ገና አልጨረሳችሁም። እኔ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በአራተኛው የጎረቤት ስሞችና የእኔው ብቻ ነበሩ።